«መልሶ ጥሪ» ወይስ «የአደራ ጥሪ»? በአንድ የኮምፒዩተር ሙያ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ላይ ተከፋፍለው ስለሚሠሩ ፕሮግራሞች የተጻፉ መመሪያዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን ከሚፈትኑት ስያሜዎች አንዱ በእንግሊዝኛ «ኮልባክ» የሚባለው ነው። ስያሜው ከሁለት ተራ ቃላት የተገጣጠመ በመሆኑ ቀላል ይመስላል። «ኮል» ጥሪ፣ «ባክ» መልሶ ነውና፣ «መልሶ ጥሪ» የሚለው አቻ ሳይፈለግ ወደ ብዕር ይመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አቻ የጽንሰ ሐሳቡን ዋና ባሕርይ የሚሰውር መሆኑን ማሳየትና በምትኩ ሌላ ስያሜ ለውይይት ማቅረብ ነው።

1. ጽንሰ ሐሳቡ

ስያሜ ከመምረጥ አስቀድሞ ነገሩን ማወቅ ይገባል። አንድሩ ቢረልና ብሩስ ኔልሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ በከርቀት ጥሪ ሥርዐት ደንበኛው ይጠራል፤ አገልጋዩ የታዘዘውን ሥራ ፈጽሞ ውጤቱን ይመልሳል። «ኮልባክ» ይህን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። ይኸውም ደንበኛው «እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን በዚህ በኩል ጥራኝ» ብሎ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ነገሩ በሆነ ጊዜ ጠሪው አገልጋዩ፣ ተጠሪው ደንበኛው ይሆናል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲና በአይ.ቢ.ኤም. ትብብር የተሠራው የአንድሩ የፋይል ሥርዐት ነው። በመጀመሪያው ንድፍ ደንበኛው በእጁ ያለው የፋይል ቅጂ ያልተለወጠ መሆኑን ለማረጋገጥ ፋይሉን በከፈተ ቁጥር አገልጋዩን ይጠይቅ ነበር። ከጥሪዎቹ አብዛኛዎቹ እንዲህ ያሉ የማረጋገጫ ጥያቄዎች ስለነበሩ አገልጋዩ ተጨናነቀ። በሁለተኛው ንድፍ ግን አገልጋዩ ቅጂውን በሚሰጥበት ጊዜ፣ ሌላ ሰው ፋይሉን ቢለውጠው ለማስታወቅ ቃል ይገባል፤ ደንበኛውም ማስታወቂያው እስኪደርሰው ድረስ ሳይጠይቅ በቅጂው ይሠራል። ከዚህ የምንረዳው የጽንሰ ሐሳቡ እምብርት ጥሪው ብቻ ሳይሆን ከጥሪው በፊት የተገባው ቃል መሆኑን ነው።

2. የ«መልሶ» አሻሚነት

«መልሶ» የሚለው ቦዝ አንቀጽ ከሌላ ግሥ ጋር ሲቀናጅ ቢያንስ ሦስት ፍቺዎች ይኖሩታል። «መልሶ ጠራው» ስንል ዳግመኛ ጠራው ማለት ሊሆን ይችላል፤ የሄደውን ሰው ተመለስ አለው ማለትም ይሆናል፤ ወይም በተራው ጠራው ማለት ይሆናል። በስልክ አነጋገር «መልሰህ ደውልልኝ» ሲባል ሦስተኛው ፍቺ ጎልቶ ይወጣል፤ ይህ ግን ከንግግሩ ሁኔታ የሚገኝ እንጂ ከቃሉ የሚመነጭ አይደለም። ችግሩ የአማርኛ ብቻም አይደለም። የፈረንሳይኛው «ራፔል» መነሻ ምዕላዱ ድግግሞሽንም መመለስንም ስለሚያመለክት ተመሳሳይ ብዥታ አለበት፤ የጀርመንኛው «ሩክሩፍ» ግን ለመመለስ የተለየ ምዕላድ ስላለው ከድግግሞሽ ጋር አይምታታም።

አሻሚነቱ በሌላ ዘርፍ ቢሆን ኖሮ በቸልታ ይታለፍ ነበር። በዚህ ሙያ ግን ዳግመኛ መጥራት ራሱን የቻለ ሌላ ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ ደንበኛው ጥሪው ስለመድረሱ ማረጋገጫ ሲያጣ ያንኑ ጥሪ እንደገና ይልካልና። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የሚያስከትለውን ስሕተት በአንድ ምሳሌ እንመልከት። ደንበኛው ለመጀመሪያ ጥሪው ውጤት እየጠበቀ ሌላ ጥሪ የማይቀበል ቢሆን፣ አገልጋዩም ሥራውን ሳይጨርስ ደንበኛውን ጠርቶ መልስ ቢጠብቅ፣ ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ሥራው ይቆማል። መመሪያው «አገልጋዩ መልሶ ሲጠራ ደንበኛው ሊቆም ይችላል» ቢል፣ አንባቢው ችግሩ ከጥሪው መደጋገም የመጣ መስሎት መፍትሔውን ጥሪውን በመቀነስ ይፈልጋል። የችግሩ ምንጭ ግን አቅጣጫው እንጂ ብዛቱ አይደለም። ስለሆነም አንባቢው የተሳሳተውን ክፍል ሲጠግን ይውላል።

3. ሌሎች አማራጮች

«የምላሽ ጥሪ» የሚለው ድግግሞሽን ቢያስወግድም ሌላ ስሕተት ያመጣል። ምላሽ ለመጀመሪያው ጥሪ የሚሰጠው ውጤት ነው፤ በአንድሩ ሥርዐት ምላሹ፣ ማለትም ቅጂው፣ ከተሰጠ በኋላ ጥሪው ከብዙ ሰዓት በኋላ ሊመጣ፣ ፋይሉን የለወጠ ከሌለም ጨርሶ ላይመጣ ይችላል። «የአጸፋ ጥሪ» አቅጣጫውን በትክክል ያሳያል፤ ይሁን እንጂ «አጸፋ» በዛሬው የጋዜጣ አማርኛ ከበቀልና ከምት ጋር እየተቆራኘ በመሄዱ፣ ደንበኛው ራሱ ለጠየቀው ውለታ የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም።

4. «ደንበኛ» ወይስ «ተገልጋይ»?

«አገልጋይ» በኮምፒዩተር ገጾች ትርጉም የተለመደ ስለሆነ መንካት አያሻም። ለጥንዱ ግን «ተገልጋይ»ን ከአንድ ሥር የወጣ ነው በማለት የሚመርጡ አሉ። ጥንዱ ለጆሮ ያማረ ቢሆንም በምንነጋገርበት ጽንሰ ሐሳብ ይፈርሳል፤ «ተገልጋይ» የአንድ ድርጊት ተሳታፊ ስም በመሆኑ፣ አገልጋዩ ጠርቶ ተገልጋዩን ሥራ ባሠራው ጊዜ ስምና ግብር ይቃረናሉና። «ደንበኛ» ግን ጸንቶ የሚኖር ግንኙነትን ይሰይማል። የጠጅ ቤት ደንበኛ በማይጠጣበት ቀንም ደንበኛ ነው። ስለዚህ ጥሪው ቢገለበጥም ስሙ አይናጋም።

እዚህ ላይ ደንበኛን «ትንሹ ኮምፒዩተር»፣ አገልጋይን «ትልቁ ኮምፒዩተር» ብሎ መፍታት እንደማይገባም እናሳስባለን። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም.አይ.ቲ. በተጀመረው የኤክስ መስኮት ሥርዐት አገልጋይ የሚባለው ማያውንና የፊደል ገበታውን የሚቆጣጠረው፣ በተጠቃሚው ጠረጴዛ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው፤ ደንበኛው በሩቅ ባለ ታላቅ ኮምፒዩተር ላይ ሊሠራ ይችላል። ስሞቹ የሚሰይሙት ኀላፊነትን እንጂ መጠንን ወይም ቦታን አይደለም።

5. የምናቀርበው ስያሜ

ከላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች በመነሣት «የአደራ ጥሪ» የሚለውን እናቀርባለን። አደራ አስቀድሞ የሚሰጥ፣ በኋላ የሚፈጸም፣ በመካከሉም ተቀባዩን በቃል የሚያስር ነገር ነው፤ ይህም የጽንሰ ሐሳቡን ሦስት ክፍሎች ያለ ተጨማሪ ማብራሪያ ይሸፍናል። ስያሜው ቤተሰብም አለው። ደንበኛው አደራ ይሰጣል፤ አገልጋዩ ይቀበላል፤ ጥሪው ሲደርስ አደራው ደረሰ እንላለን፤ ደንበኛው ሲተወው አደራው ተነሣ፤ አገልጋዩ ወድቆ ሲነሣ መዝገቡን ቢያጣ አደራው ጠፋ እንላለን።

የዚህ ቤተሰብ ጥቅም በአንድሩ ሥርዐት የእንግሊዝኛ ቃላት ላይ በግልጽ ይታያል። አገልጋዩ ፋይሉ መለወጡን ሲያስታውቅ እንግሊዝኛው «ኮልባኩን ሰበረ» ይላል። ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «አደራውን በላ» ወደ ማለት ይደርሳል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። አገልጋዩ ባስታወቀ ጊዜ አደራውን አደረሰ እንጂ አልበላም። አደራ በላ የሚባለው ፋይሉ ተለውጦ ሳለ ዝም ያለ እንደሆነ ነው።

ጥሪንና መስመርን መለየትም ያስፈልጋል። ኤን.ኤፍ.ኤስ. በተባለው የፋይል ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው አራተኛ እትም አገልጋዩ ለአደራ ጥሪ ራሱ አዲስ መስመር ይከፍት ነበር፤ ደንበኛው ከፋየርዎል በስተጀርባ ሲሆን ጥሪው ሳይደርስ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው እትም 4.1 ጥሪው ደንበኛው በከፈተው መስመር እንዲመጣ ፈቀደ። መስመሩን የከፈተው ደንበኛው ነው፤ ጠሪው ግን አገልጋዩ ነው። «መልሶ» የሚለው ቃል እነዚህን ሁለት ነገሮች ያደባልቃቸዋል።

በስያሜው ላይ ሊነሣ የሚችለው ዋና ተቃውሞ አደራ ለመሣሪያ የማይስማማ የሰው ግብረ ገብ ነው የሚል ይሆናል። ሆኖም «አገልጋይ»ም «ደንበኛ»ም ከሰው ኑሮ የመጡ ናቸው። ይልቅስ እውነተኛው ወሰን ሌላ ነው፦ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ፣ ለምሳሌ በቁጥሮች ድርደራ ጊዜ፣ ወዲያውኑ የሚፈጸመውም «ኮልባክ» ይባላል። በዚያ የሚጠበቅ ቃል ስለሌለ ስያሜያችንን እስከዚያ አንዘረጋውም። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ነገር ስለሰየመ አማርኛም ሁለቱን በአንድ ቃል የመሰየም ግዴታ የለበትም።