አደይ በድልህ ጣሳ

በሆለታ ዙሪያ ካሉት የአበባ እርሻዎች የሚቆረጠው ጽጌረዳ በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል። በጳጉሜን መጨረሻ የከተማዋ ቤቶች የሚጠብቁት ግን ሌላ ነው፤ ልጆች ከመስክ ለቅመው የሚያመጡት አደይ። ማስቀመጫውስ? ያለቀ የቲማቲም ድልህ ጣሳ። ቅባቱ እስኪለቅ በአመድ ይታሻል፤ ጣት የሚቆርጠው ጠርዙ በዘነዘና ይቀጠቀጣል፤ እንዳይወድቅ ከሥሩ ሦስት አራት ጠጠር ይገባበታል፤ ከዚያ ውሃ። ወረቀቱን ልጠው የሚጥሉ አሉ። እኔ ባይላጥ ደስ ይለኛል፤ ቀዩ ቲማቲም ከቢጫው አደይ ሥር ሲታይ ያምራል። የገበያው የፕላስቲክ አበባ አጠገቡ አይደርስም። መስከረም 1 ማለዳ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ጣሳው ከረከቦቱ ጎን ይቀመጣል። አደይ እስከ መስቀል ከሜዳው ስለማይጠፋ፣ ሲጠወልግ ሌላ ይተካል። እባካችሁ፣ ነሐሴ ላይ ያለቀ ጣሳ አትጣሉ።