ወደ ኋላ የሚላክ ክሬዲት

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ተማሪ ኮሌጅን የሚጀምረው በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ ልጆቻችንም ክፍያው ስለሚቀል ይመርጡታል። ኮሌጁ ለሚሰጠው የሁለት ዓመት «አሶሺየት» ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት ይጠየቃል። ብዙዎች ግን 40 ወይም 50 ላይ እንደደረሱ ዩኒቨርሲቲ ይቀበላቸውና ዲግሪውን ሳይዙ ይሄዳሉ።

«ሪቨርስ ትራንስፈር» የተባለውን አሠራር የማደንቀው ለዚህ ነው። ተማሪው ከፈቀደ ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን ለቀድሞ ኮሌጁ ይልካል። ኮሌጁ የሁለቱን ቦታ ክሬዲት ደምሮ፣ መስፈርቱ ከተሟላ ዲግሪውን ይሰጣል። በቴክሳስ የኤል ፓሶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የከተማው ዩኒቨርሲቲ ይህን አሠራር ከጀመሩት ቀዳሚዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው «ክሬዲት ዌን ኢትስ ዲው» የተባለ ፕሮጀክት ደግሞ ወደ በርካታ ግዛቶች አስፋፋው።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ፣ ከግቢው የወጣን ተማሪ ፋይል መልሶ የሚከፍተው የሬጅስትራር ሠራተኛ ነው። ማታ እየሠራ፣ ወላጆቹን እየጦረ የሚማር ሰው ሦስተኛ ዓመት ላይ ማቋረጥ ግድ ሊሆንበት ይችላል። ያለዚህ አሠራር የሥራ ማመልከቻው ላይ «ኮሌጅ ጀምሮ ያቋረጠ» ተብሎ ይቀራል። አሁን ግን የለፋበትን ዲግሪ ይጽፋል።