ማብረቅረቁ አያታልል፤ ጠርዙን ማየት ነው

ከወልድያ ተነስቶ ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ የሚገባ መኪና፣ አስፋልቱን እስከያዘ ድረስ ከጠጠር በቀር ብዙም የሚነካው የለም። ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ዞብል አቅጣጫ ወይም ወደ ማሽላ ማሳው ሲታጠፍ ግን ግራሩ ከግራም ከቀኝም ይቀበለዋል። ማታ ባለመኪናው በስልኩ መብራት ሲያየው በሮቹ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተሰመሩ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ያገኛል። በማግስቱ ጋራዥ ይሄዳል፣ ይሠራለታል፣ መኪናው ያብረቀርቃል፣ ይከፍላል። ሥራው ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚያውቀው ግን ከወራት በኋላ ነው።

ማብረቅረቅ ርካሽ ነገር ነው። ፖሊሽ አጥግቦ ያሸ ሰው ሁሉ ለሳምንት ያህል ማንኛውንም መኪና አዲስ ያስመስላል። እኔ ሥራን የምፈርደው በሁለት ነገር ነው፦ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው በሚገናኝበት ጠርዝ፣ እና ከቀለሙ ሥር በተሠራው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ፍርዱ የሚጀምረው ቀለም ሳይከፈት ነው። አብዛኛው መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በላሜራው ላይ የዝገት መከላከያ፣ ፕራይመር፣ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ተደራርቦበታል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ ጭረቱን ያጥባል፣ ውኃ ያፈስበታል፣ ጥፍሩን አግድም ይስብበታል። ውኃው ሲያርፍበት የሚጠፋ፣ ጥፍርም የማይዝ ጭረት ክሊሩ ላይ ብቻ ያለ ነው፤ እሱን በቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ለስለስ አድርጎ በፖሊሽ መመለስ ይቻላል። የግራር እሾህ የሚተወው አብዛኛው ጭረት እንዲህ ያለው ነው። ጥፍር ከያዘ ቀለሙ ተቆርጧል። ላሜራው ከታየ ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ መደፈን አለበት፤ ዝገት ከቀለሙ ሥር እየሄደ ነው የሚሰፋው።

ውኃም ጥፍርም ሳይሞክር «ሙሉ በሩን እንቀባዋለን» የሚል ሰው ካጋጠመ ምስጋና አቅርቦ መሄድ ነው። በተቃራኒው ሁሉንም በፖሊሽ እጨርሳለሁ የሚለውም ያው ነው። ፖሊሽ ጭረቱን አይሞላም፤ ዙሪያውን እየቀነሰ ከጭረቱ ጋር ያስተካክለዋል እንጂ። በየዓመቱ እየታሸ ክሊሩ ያለቀ መኪና ፀሐይ ሲያገኘው ይላጣል። ጥሩ ባለሙያ በሰው ቀለም ላይ ስስታም ነው። ነጭ ቶዮታ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ፦ ጨርቁ በፖሊሽ ሲታሽ ነጭ ቀለም ይዞ ከመጣ፣ መኪናው ክሊር የለውም፤ የሚታሸው ራሱ ቀለሙ ነው ማለት ነው። ይህን ለባለቤቱ አሳይቶ የሚነግር ቀቢ ይታመናል።

ጎድጓዳ የሚሞላበት ስቱኮ የገባበት ሥራ ከሆነ፣ ቀለም ሳይረጭ በፊት ሄዶ ማየት መብት ነው። ስቱኮው ስስ መሆን አለበት፤ ወፈር ብሎ የተለጠፈ በመንገዱ መንገጫገጭና በሙቀቱ ይሰነጠቃል። በቁጥር 80 ወረቀት ተጀምሮ በ320 ካልለሰለሰ፣ የወረቀቱ ጭረት ራሱ ከወር በኋላ በቀለሙ ውስጥ ብቅ ይላል። እጅን በስስ ፌስታል አልብሶ ቦታውን በቀስታ መዳበስ ዓይን ያላየውን ጉብታና ጎድጓዳ ይናገራል፤ ባዶ እጅ እንዲህ አይሰማም። ስቱኮው የሚያልቅበት መስመር በመዳፍ ሥር ከታወቀ፣ በቀለሙም ሥር ይታወቃል። ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ትበቃዋለች፤ በደንብ የማትይዝበት ቦታ ስቱኮ ጠግቧል።

የሙቀቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሞቃት ሜዳ ነው፤ የቀለም አምራቾች የማድረቂያ ጊዜ የሚጽፉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ነው። በቀትር ላሜራው እጅ አያስነካም። በዚያ ሰዓት የተረጨ ቀለም ገና በአየር ላይ ቲነሩ ይተንበታል፤ ላሜራው ላይ የሚያርፈው ደረቅና ሸካራ ሆኖ ነው፣ ክሊሩም የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ያነሳል። ስለዚህ ጠዋት በማለዳ የሚረጭ፣ ወለሉን በውኃ የሚያርስ፣ ለሙቀት የሚሆን ዘግይቶ የሚተን ቲነር የሚመርጥ ቀቢ ዕቃውም ባይሟላ ሥራው ይሻላል። በስድስት ሰዓት መኪናውን ይዞ ሄዶ «ዛሬውኑ ጨርስልኝ» ያለ ሰው «አይ ጋሼ፣ አሁን ብረቱ ግሏል፤ እዚህ ይደርና ጎህ ሲቀድ እረጨዋለሁ» ከተባለ ደስ ሊለው ይገባል። በክረምት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ እርጥብ አየር ላይ የተረጨ ቀለም ጭጋግ የመሰለ ንጣት ያወጣል።

ቀለም ማመሳሰል ብዙ ጠብ የሚያስነሳው ክፍል ነው። የቶዮታ የቀለም ቁጥር በመኪናው ላይ በተለጠፈች ቆርቆሮ ተጽፎ ይገኛል፤ ለምሳሌ ብዙዎቹ ነጮች 040 ናቸው። ቁጥሩ ግን የፋብሪካውን ቀለም ነው የሚነግረው እንጂ የቆቦ ፀሐይ ለዓመታት የመታውን አይደለም። ጠንቃቃ ቀቢ ቀላቅሎ በቁራጭ ቆርቆሮ ላይ ይረጭና፣ አድርቆ በሩ ላይ ደግፎ ያያል። ገና ፈሳሽ ሳለ በጣሳው አፍ ላይ ተመሳሰለ የሚል አይበቃም፤ ቀለም ሲደርቅ ይለወጣልና። ብርማ ቀለም ከሁሉም ይከብዳል፤ ከፊት ሲታይ ገጥሞ ከጎን ሲታይ ሊጠቁር ይችላል። እዚያ ላይ የሚያውቅ ሰው ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ በር እያሳሳ ያስገባዋል፣ ክሊሩን ግን እስከ በሩ ዳር ያደርሰዋል። በበሩ መሃል የተቆረጠ ክሊር ዛሬ በፖሊሽ ቢደበቅም ቆይቶ መስመር ያወጣል።

መኪናው ሲረከቡት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጠዋት ፀሐይ ይታይ፤ ጋራዡ ጥላ ውስጥ አይደለም። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ በአግድም። ከዚያ ቀለም እንዳልነካቸው ጎማውንና የመስታወቱን ዳር ማየት ነው። የበሩ እጀታ ሳይነቀል ዙሪያው በወረቀት ተሸፍኖ ከተረጨ፣ ጥፍር የሚይዝ ትንሽ ደረጃ ይቀራል፤ መላጥም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ክሊሩ ውስጥ የወደቀች አንዲት ፍሬ አቧራ ግን ይቅርታ ይደረግላት፤ በቆቦ ነፋስ ያንን መጠየቅ ግፍ ነው፣ በ2000 ወረቀትም ትወጣለች።

ሳይነኩ መተው የሚሻል ጭረትም አለ። ሁልጊዜ በግራር መሃል የሚመላለስ መኪና ክሊሩ ላይ የቀሩ መስመሮች ቢታዩበት ነውር የለውም፤ በየጊዜው ከማሳሳት ይበልጣል። ደግሞ እኮ ከእሾህ ይልቅ መኪና የሚጭረው በየጠዋቱ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ የሚወለውለው እጅ ነው። ውኃ ከሌለ አቧራው እንዳለ ይቆይ።

ሲጨርሱ የተረፈውን ቀለም በትንሽ ጠርሙስ አስሞልቶ፣ አፉን አጥብቆ፣ ቁጥሩን ጽፎ መውሰድ ይጠቅማል፤ ለጠጠር ምልክት በቀጭን ብሩሽ ትነካካለች። ማጠንከሪያው ሃርድነር የገባበት ግን እዚያው ጋራዡ ይቅር፤ እስከ ማታ ጠንክሮ ጠርሙሱንም ይዞት ይቀራል።