«መዝገበ ቃላት ይላል» ሲባል፣ የትኛው?

አማርኛ ውክፔዲያ ላይ አንድ ጽሑፍ ስታነቡ ግርጌው ላይ ወደ ኦንላይን መዝገበ ቃላት የሚወስድ ሊንክ ካገኛችሁ ንኩትና ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ትርጉሙን ማን ጻፈው? መቼ? መልሱን ካጣችሁ ያ ሊንክ ማስረጃ ይመስላል እንጂ የሚያስረዳው ነገር የለም።

የኛ መዝገበ ቃላት ባለቤት አላቸው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» እንይ። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው። ለደቀ መዝሙራቸው ለኪዳነ ወልድ አወረሱት። እሳቸውም ሳይታተም አረፉና አደራው ለደስታ ተክለ ወልድ ደረሰ። መጽሐፉ የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ደስታ ደግሞ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 አሳተሙ። እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የመጣ ፍቺ ዛሬ ስሙ ተቆርጦ አፕ ላይ ከተለጠፈ፣ የሚጠቀሰው አፑ ይሆናል። እኛ ኮድ የምንጽፍ ሰዎች የሰው ሥራ ላይ ላይሰንሱን አጥፍቶ መለጠፍ ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ሊንኩ ራሱም ቢሆን የሚታመን አይደለም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ጸ እና ፀ ሁለት ናቸው፤ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስት። ሲባዛ 12 አጻጻፍ። ለጆሮ አንድ ነው፣ ለዩኒኮድ ግን 12 የተለያየ ቃል። የገጹ አድራሻ ከቃሉ የሚሠራ ከሆነ፣ አዘጋጁ አንዲት ፊደል ባረመ ቀን የድሮው ሊንክ ሊሞት ይችላል። (ኮፒ ስታደርጉት ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት የታጨቀ 9 ቁምፊ ይሆናል። «ፀሐይ» ብቻውን 27! ማን ዓይቶ ይለየዋል?)

ሊንኩ ቢሠራ እንኳ የሚያስረዳው ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። መዝገበ ቃላት «መገናኛ» የሚገናኙበት ቦታ ነው ቢል ቃሉን ፈታ እንጂ ሰፈሩ በማን፣ መቼ፣ ለምን እንዲህ እንደተባለ አልነገረንም። በዚህ አያያዝማ «አያት» የሚለውን ብንፈታ ከሲኤምሲ ወዲያ ያለው ሰፈር ሁሉ የአባታችን አባት ሊሆን ነው።

መጽሐፎቹን ማግኘት ከባድ ነው፣ ቦሌ ካፌ ተቀምጦ የሚጽፍ ልጅ ከየት ያምጣ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሊንኩን ማንም አይከለክልም። ግን አጠገቡ ቃሉ በመዝገቡ እንደተጻፈው ይግባ፣ የአዘጋጁ ስም፣ የኅትመቱ ዓመት፣ ያያችሁበት ቀን። ኦክስፎርድ እንኳ ኦንላይን መዝገበ ቃላቱን በየ3 ወሩ ያድሳል፤ ቀን ካልተጻፈ የትኛውን እንዳያችሁ አይታወቅም። ከወረቀት ከወሰዳችሁ ቃሉን ከነገጹ ጥቀሱ፤ ኪዳነ ወልድም ደስታም በአበገደ ስለደረደሩ በሀለሐመ የሚፈልግ አንባቢ መንገድ ይጠፋዋል። ማንም የሚያርመው ዊክሽነሪ ከሆነ ደግሞ የገጹን ታሪክ ከፍታችሁ የዚያን ቀን ቅጂ ቋሚ ሊንክ ውሰዱ። ሁለት ክሊክ ነው።