ሮማን የቀረችበት ከተማ

የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ያነበበ ሰው ፊያሜታን ሳያነሣ አይቀርም። ሮማንን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ሮማን የጋዜጠኛው የፀጋዬ ኃይለማርያም እጮኛ ናት፤ እርሱ ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ሲሄድ እርሷ አዲስ አበባ ቀረች። ታሪኩን የሚነግረን ፀጋዬ ራሱ ነውና ሮማንን የምናያት እርሱ ሲያስባት ብቻ ነው። ሲረሳት ከእኛም ትጠፋለች።

መጽሐፉ የታተመው በ1975 ዓ.ም ነው፤ በዓመቱ ደራሲው ደብዛው ጠፋ። ይህን ያህል ዋጋ በተከፈለበት ሥራ ላይ የእጮኛ ነገር ማንሣት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። ፀጋዬ ለምን ከዳት ብዬም አልሟገትም፤ ሰው ነው። ቅር የሚለኝ ዘመቻው ደራሲውን ከአንድ ከባድ ጥያቄ ማዳኑ ነው። ሠርጉ ቢደርስስ? ሁለቱም በየሥራቸው ውለው አንድ ቤት ቢገቡስ?

«ሐዲስ»ም ቢሆን ቡና አብቃዩ ኢሉባቦር ድረስ የሚወስደን አንድ ወጣት መምህር አስከትሎ ነው። ሥራ በልብወለዳችን ብዙ ጊዜ የብቸኛ ወንድ ጉዞ ነው።

እስቲ ከኢሉባቦር ወደ ደቡብ ወረድ እንበል። ባል በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የቴፒ ግቢ መምህር ይሁን፤ ሚስት ደግሞ ከሚዛን ተፈሪ ወዲያ በበበቃ ቡና እርሻ ባለሙያ ትሁን። ወሩ የለቀማ ነው። የተለቀመ እሸት ቡና በቶሎ ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ መፈልፈያው ማታም ይሠራል፤ እርሷም አጠገቡ ናት። የዚያኑ ዕለት ልጅ ያተኩሳል። የእርሱ ተማሪዎች ነገ ፈተና አለባቸው። ማን ይሂድ? «አንቺ እናት ነሽ» የሚለው ቃል ከባልየው አፍ ይወጣል ወይስ ይዋጣል?

ፀጋዬ ቢጠየቅ «የአገር ጉዳይ ነው» ይል ነበር፤ አንባቢም ይቀበለው ነበር። ዘመቻ ቀን አለው፤ እስኪያልቅ ፍቅርን ማቆየት ይቻላል። ቡና ግን በየዓመቱ ይደርሳል፤ የባልየው ፈተናም እንዲሁ። እነዚህ ባልና ሚስት ካምና የተጨቃጨቁበትን ነገር ዘንድሮም፣ ከርሞም ይጨቃጨቁበታል። ጥይት የለበትም፤ መሸሻ ከተማም የለበትም። በእኔ ግምት ደራሲዎቻችን የሚሸሹት ይህንኑ ነው፦ ማንም ሳይከዳ፣ ማንም ሳይሞት፣ ሁለት ሰዎች በሌሊት ስልክ ይዘው «ዛሬ ተራው ያንተ ነው» የሚባባሉበትን ምዕራፍ።