ቴትሪስ፦ የቆየ ጨዋታ ስለ ምን አላለፈበትም?

የቆየ የቪዲዮ ጨዋታ ሲወደስ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የልጅነት ትዝታ ነው። ትዝታ ግን የሂስ ሚዛን ሊሆን ስለማይችል፣ ቴትሪስን በሥራው ብቻ ለመመዘን አስበናል።

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ የፈጠረው አሌክሴይ ፓዢትኖቭ ነው። መጀመሪያ የተሠራበት ኮምፒውተር፣ ኤሌክትሮኒካ 60፣ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ቅርጾቹ የሚታዩት በቅንፍ ምልክቶች ነበር። ደንቡ አጭር ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ4 ካሬ የተሠሩ 7 ዓይነት ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹ እያዞረ ይደረድራቸዋል፤ የሞላው ረድፍ ይጠፋል፤ ክምሩ ከጣሪያው ሲደርስ ጨዋታው ያበቃል።

አንዳንዶች ታሪክ የሌለው ጨዋታ ባዶ ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። በቴትሪስ በሚገባ የተሠራው ይጠፋል፤ ተከምሮ የሚቀረው ስሕተቱ ነው። ተጫዋቹ የሥራውን ፍርድ ከፊቱ ያነባል፤ ይህም በሥዕል ውበት ላይ ያልተመሠረተ ስለሆነ ከመሣሪያው ጋር አያረጅም።

ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባንም። እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው የኒንቴንዶ ቅጂ የቅርጾቹ ተራ በዕድል ስለሆነ፣ ረጅሙ ቅርጽ ለብዙ ጊዜ ላይመጣ ይችላል፤ ተጫዋቾች ይህን «ድርቅ» ይሉታል። ብዙዎቹ አዳዲስ ቅጂዎች 7ቱን በየዙሩ በማደል ድርቁን አሳጥረዋል። ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ነገር ግን አሮጌው ቅጂ ለክፉ ቀን አስቦ መደርደርን ያስተምራል።

በዚያው ቅጂ አንድ የ13 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ፕሮግራሙ ራሱ እስኪቆም ድረስ ተጫውቷል፤ ከእርሱ በፊት እዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። 34 ዓመት ሙሉ ተጫውተው ያልጨረሱት ጨዋታ አሮጌ ሊባል ይችላል፤ ያለፈበት ግን አይደለም።