እጀ ወርቁ እንቅልፍ

ካዛንቺስ ለእንቅልፍ የሚመች ሰፈር ሆኖ አያውቅም። ምሽቱን ሙዚቃ ቤቶቹ፣ ሌሊቱን የታክሲ ጥሩምባ፣ ንጋቱን ከዑራኤል የሚሰማው ቅዳሴ ሲቀባበሉት ያድራሉ። ሰዉ ግን ይተኛል። ጸጥታ ባለበት መተኛት ምን ይደንቃል? የእንቅልፍ ሙያ የሚለየው እንዲህ ባለው ሰፈር ነው።

ይህ ሙያ ለዓይን መታየት የጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ላይ መቅዳት ከቻለ ወዲህ ነው። በወረቀት ዘመን የመቅጃው ወረቀት በሰከንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ የስምንት ሰዓት እንቅልፍ 288 ሜትር ወረቀት ይፈጅ ነበር። ባለሙያው ያን ሁሉ በ30 በ30 ሰከንድ ከፋፍሎ ያነበው ነበር።

የእንቅልፍ የመጀመሪያው ደረጃ አጭር ነው። የአንጎሉ ሞገድ ይዘገያል፣ የዓይን ብሌን ቀስ እያለ ይንከባለላል። በዚህ ሰዓት የቀሰቀሱት ሰው ብዙ ጊዜ «ኧረ አልተኛሁም!» ብሎ ይከራከራል።

ዓይኔ የሚያርፈው ግን በሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። የአዋቂ ሰው ሌሊት ግማሹ ገደማ የሚያልቀው እዚህ ሲሆን፣ ከጥልቁ እንቅልፍና ከሕልሙ መካከል ሆኖ ብዙም አይወራለትም። ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ፣ በሰከንድ ከ11 እስከ 16 ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ቀጥኖ ይጀምርና መሐሉ ላይ ወፍሮ መልሶ ይቀጥናል፤ ጥጥ ተፈትሎ የተጠቀለለበት እንዝርት ይመስላል። አብዛኛው ሁለት ሰከንድ አይሞላም። እሱ በሚሽከረከርበት ቅጽበት የውጭ ድምፅ ወደ አንጎል ቅርፊት የሚደርሰው ተዳክሞ ነው።

ከእንዝርቱ አጠገብ ደግሞ ኬ ኮምፕሌክስ የሚባል ረጅም ነጠላ ሞገድ አለ። ከደጅ ጥሩምባ ሲጮህ ብቅ ይላል፤ ተኝቶ ያለው ሰው ግን አይነቃም። ኢያን ኦስዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳሳዩት፣ ይህ ሞገድ ከሌላ ሰው ስም ይልቅ በተኛው ሰው በራሱ ስም ይበልጥ ይቀሰቀሳል። የተኛ አንጎል ደንቆሮ አይደለም ማለት ነው፤ ይሰማል፣ ይለያል፣ የማይመለከተውን ያሳልፋል።

ሦስተኛው ጥልቁ እንቅልፍ ነው። የአንጎል ሕዋሳት አብረው ይተኩሳሉ፣ አብረው ዝም ይላሉ፤ ሞገዱም ግዙፍና ዘገምተኛ ይሆናል። ከዚያ ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 የገለጹት፣ ዓይን የሚወራጭበት የሕልም እንቅልፍ ይመጣል። አንጎሉ የነቃ ይመስላል፤ ሰውየው ሕልሙን ተነሥቶ እንዳይሠራው ግን የአንጎል ግንድ ጡንቻውን ያስረዋል።

ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ ሕልሙ ያለው ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ነው፤ በአንድ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ዙር ከዙር ግን አንድ አይደለም። ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፣ ሕልሙ ወደ ንጋት ይረዝማል። ስለዚህ ንጋት ላይ ሁለት ሰዓት የቆረጠ ሰው የሚያጣው በአብዛኛው ሕልሙን ነው። መጠጥ ቤት አምሽቶ የገባውም ቶሎ ይተኛል እንጂ፣ አልኮሉ የመጀመሪያውን አጋማሽ ሕልም ያጎድልበታል፤ ሁለተኛውን አጋማሽ ይቆራርጥበታል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪ ሰፈሩን ለቆ በማያውቀው ቤት አድሯል። አዲስ ቦታ የመጀመሪያውን ሌሊት በደንብ የሚተኛ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ማሳኮ ታማኪና ባልደረቦቿ ምክንያቱን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ አድርገዋል፤ በእንግዳ ቤት የመጀመሪያ ሌሊት የአንጎል ግራ ክፍል ከቀኙ ያነሰ ጥልቀት ያለው እንቅልፍ ይተኛል፣ ለእንግዳ ድምፅም ፈጥኖ ይነቃል። ተኚዎቹ ተመልሰው እዚያው ሲያድሩ ልዩነቱ አልታየም።

በማግስቱ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚል ሰው እንግዲህ እንቅልፉን ባያማው ይሻላል። እምቢ አላለም፤ የቤቱን ድምፅ ገና ስላልለመደ ግማሽ ጆሮውን ክፍት አድርጎ ነው የሠራለት።